ጡት ላይ እብጠት ተገኘ፦ ካንሰር ነው ወይስ አይደለም የሚለው በምን ይታወቃል?

ጡት ላይ እብጠት ሲገኝ ቤተሰቡ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዷ «ካላመመሽ ችግር የለውም» ትላለች። ሌላዋ «የጎረቤታችንም እንዲሁ ነበር፣ በራሱ ጠፋ» ብላ ታረጋጋለች። አንዱ ደግሞ ገና ምርመራው ሳይጀመር ካንሰር ነው ብሎ ደምድሞ እንባው ይመጣል። ሁሉም ከፍቅር ነው፣ ግን አንዱም መልስ አይሆንም። እንዲያውም የመጀመሪያው ምክር አደገኛ ነው፤ የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የሚያመው ብዙ ጊዜ ሌላው ነው፦ ከወር አበባ በፊት የሚመጣው መጠጠር፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ የምታጠባ እናት ጡት ላይ የሚወጣ መግል።

ሐኪሙም ቢሆን በእጁ ዳስሶ ይጠረጥራል እንጂ አያረጋግጥም። አልትራሳውንድና የጡት ራጅ የሆነው ማሞግራም ጥርጣሬውን ያጠነክሩታል ወይም ያላሉታል። «ይሄ እብጠት እንዲህ ነው» ብሎ የሚቆርጠው ግን ናሙናውን ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጦ የሚያየው ባለሙያ ነው፤ ፓቶሎጂስቱ። ታካሚዋ ብዙ ጊዜ ፊቱን እንኳ አታየውም፣ የምታየው የጻፈውን ወረቀት ብቻ ነው። ቀዶ ጥገናው፣ ኬሞው፣ የሚዋጠው ክኒን፣ ሁሉም የሚወሰነው በዚያች ወረቀት ነው። ስለዚህ ወረቀቷ ላይ ያለው ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ፣ ከዚያም በላይ መልሱ ትክክል ሆኖ እንዲመጣ ታካሚና ቤተሰብ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ የሚያረጋጋውን ልበል። አብዛኞቹ የጡት እብጠቶች ካንሰር አይደሉም፣ በተለይ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ባሉ ሴቶች። ይሁንና በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በአገራችን ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች አዲስ ተይዘዋል ብሎ ገምቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ገና በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ያሉ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው። ወንዶችም አይቀርላቸውም፤ ከመቶ የጡት ካንሰር ታማሚዎች አንዱ ገደማ ወንድ ነው። ስለዚህ «ገና ልጅ ነኝ» ወይም «ወንድ ነኝ» ብሎ እብጠትን መተው አይሠራም።

ሰውን ከምርመራ የሚያስቀረው ትልቁ ነገር ደግሞ ፍርሃት ነው። «መርፌ ከነካው ይባባሳል»፣ «ምላጭ ካየ ይሰራጫል» የሚለው ወሬ ከተማም ገጠርም አለ። ወሬው ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ብዙ ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው እጢው ቆዳ ሲበሳ፣ ብብት ውስጥ ንፍፊት ሲያወጣ ነው። በዚያ ሰዓት ናሙና ይወሰዳል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ታካሚዋ ትሞታለች፣ ጥፋቱ በመርፌው ላይ ይላከካል። በሽታው ግን መርፌው ከመግባቱ በፊት ተሰራጭቶ ነበር። በናሙና መርፌ ምክንያት የጡት ካንሰር ባሰ፣ የታካሚዋም ዕድሜ አጠረ የሚያሰኝ ነገር አልታየም። ጠበል የሚጠመቅም ሰው ይጠመቅ፣ ማንም አይከለክለውም፤ ናሙናውን ሰጥቶ፣ መልሱን ይዞ፣ ሕክምናውን ሳያቋርጥ ይጠመቅ።

ናሙና የሚወሰድበት መርፌ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በየሆስፒታሉ «ኤፍ ኤን ኤ» የሚባለው ነው። ደም ከሚቀዳበት መርፌ የማይወፍር ቀጭን መርፌ እብጠቱ ውስጥ ይገባና ወዲያ ወዲህ እየተደረገ ጥቂት ሴሎች ይወጣሉ፣ ስላይድ ላይ ይቀባሉ፣ ቀለም ይደረግባቸዋል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣም አያስፈልገውም። በእኛ አገር ብዙ ሴቶች የመጀመሪያ መልሳቸውን የሚያገኙት በዚህ ነው፤ ጥቁር አንበሳም ይሁን ጎንደር፣ ጅማም ይሁን ሀዋሳ። ሁለተኛው ኮር ባዮፕሲ ነው። ቦታው ይደነዝዛል፣ ወፈር ያለ መርፌ ገብቶ ቀጫጭን የሥጋ ክሮች ቆርጦ ያወጣል።

ልዩነታቸው የመርፌው ውፍረት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኤፍ ኤን ኤ የሚያመጣው የተበታተኑ ሴሎችን ነው። ሴሎቹ የካንሰር ይመስላሉ ወይስ አይመስሉም የሚለውን ጥሩ ባለሙያ ያያል። ሴሎቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር እንዴት ተደርድረው እንደነበር፣ ካንሰሩ ከወተት ቱቦው ወጥቶ ዙሪያውን ወርሮ እንደሆነ ወይም ገና ቱቦው ውስጥ እንዳለ ግን ከተበታተነ ሴል ማወቅ አይቻልም። ኮር ባዮፕሲ አደረጃጀቱን እንዳለ ያሳያል፣ ካንሰሩ በሆርሞን መድኃኒት ይታከም እንደሆነ ለሚያሳየው የሆርሞን ምርመራ የሚበቃ ሥጋም ይተርፈዋል። እኔ ብጠየቅ፣ ካንሰር በጣም የተጠረጠረ ከሆነና ኮር ባዮፕሲ የሚሠራበት ቦታ ከተገኘ በቀጥታ ወደዚያ መሄዱ ይሻላል እላለሁ። ካልተገኘ ግን ኤፍ ኤን ኤ ከምንም ይሻላል፣ በእሱም ብዙ ሰው ይድናል።

የኤፍ ኤን ኤ መልስ በአምስት ይከፈላል፤ ወረቀቱም በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ቃላቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። «ኢናዲኩየት» ከተባለ የተወሰደው ሴል ለመልስ አይበቃም ማለት ነው። «ቢናይን» ካንሰር ያልሆነ ነው። «አቲፒካል» ማለት ሴሎቹ ከተለመደው ወጣ ያሉ ናቸው፣ ግን ለካንሰር የሚያበቃ ነገር አልታየም። «ሰስፒሸስ» ካንሰር በጣም ይጠረጠራል ማለት ነው። «ማሊግናንት» ካንሰር ነው። በዚህ መሀል ሰው በብዛት የሚሳሳተው በመጀመሪያው ነው። «ምንም አልተገኘም አሉኝ» ብላ ደስ ብሏት የምትሄድ ሴት አለች፣ ወረቀቷ ላይ ግን የተጻፈው ናሙናው በቂ አይደለም የሚል ነው። በቂ ያልሆነ ናሙና መልስ አይደለም። መደገም አለበት።

ለመሆኑ ፓቶሎጂስቱ የሚያየው ምንድን ነው? ጡት ውስጥ ወተት የሚያመነጩ ትናንሽ ክፍሎችና ወተቱን ወደ ጡት ጫፍ የሚወስዱ ቱቦዎች አሉ። የእነዚህ ግድግዳ ሁለት ረድፍ ሴል ነው፤ የውስጠኛው ረድፍ፣ ከሥሩ ደግሞ ማዮኤፒቴሊያል የሚባሉ ደጋፊ ሴሎች፣ ከእነሱ ውጪ ስስ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን እንደ ግቢ አጥር ነው። ፓቶሎጂስት ጡት ሲያይ ደጋግሞ የሚጠይቀው ሁለተኛው ረድፍ አለ ወይስ ጠፍቷል፣ ሴሎቹ ከአጥሩ ወጥተዋል ወይስ አልወጡም የሚለውን ነው። አደገኛ ባልሆኑ በሽታዎች ላይ ሁለቱ ረድፎች በአመዛኙ እንዳሉ ይገኛሉ። ዙሪያውን በወረረ ካንሰር ላይ ሁለተኛው ረድፍ የለም። በዓይን አልለይ ካለው ደጋፊ ሴሎቹን ብቻ የሚያቀልም ልዩ ቀለም ያዛል።

አደገኛ ካልሆኑት ውስጥ በወጣት ሴቶች በብዛት የሚገኘው ፋይብሮአዴኖማ ነው። በእጅ ሲነካ ሸርተት የሚል፣ ክብ፣ ጠንከር ያለ እብጠት ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቱቦውም በዙሪያው ያለው ደጋፊ ሥጋም አብረው አድገው ይታያሉ። ብዙ ጊዜ ሳይወጣ በክትትል መተው ይችላል። ቶሎ ቶሎ የሚያድግ ከሆነ ግን ፋይሎደስ የሚባል ሌላ እጢ ሊሆን ስለሚችል አውጥቶ መመርመር ያስፈልጋል። ፋይሎደስ ራሱ አደገኛ ያልሆነ፣ መሀል ላይ ያለ እና አደገኛ የሆነ ዓይነት አለው፤ ከዳር እስከ ዳር በደንብ ካልወጣ እዚያው ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። ሁለቱን በቀጭን መርፌ መለየት ከባድ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ፋይብሮአዴኖማ ቢልም እብጠቱ በወራት ውስጥ ከተለቀ ተመልሶ መሄድ ግድ ነው።

ፋይብሮሲስቲክ ለውጥ የሚባለው ደግሞ ከሆርሞን ጋር የሚሄድ ነው። ጡቱ ጉብ ጉብ ይላል፣ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ይወጣሉ፣ የወር አበባ ሲቃረብ ያማል። ወረቀቱ ላይ ይህ ብቻ ካለ ወደፊት በካንሰር የመያዝ ዕድልን አይጨምርም። የቱቦው ሴሎች ከልክ በላይ በዝተው ከተገኙ፣ ወጣ ያለ ቅርጽ ግን ከሌላቸው፣ ዕድሉ በጥቂቱ ከፍ ይላል። መብዛት ብቻ ሳይሆን አቲፒያም፣ ማለትም ያ ወጣ ያለ ቅርጽ፣ ካላቸው ዕድሉ ወደ አራት እጥፍ ይሄዳል። ይህች ሴት ካንሰር የለባትም፤ ክትትሏ ግን ከሌላው ሰው ጠበቅ ማለት አለበት።

ካንሰር መስለው ሰው የሚያስደነግጡም አሉ። ጡት በምት ከተጎዳ በኋላ ውስጡ ያለው ስብ ይሞትና ድንጋይ የመሰለ ጠጣር ነገር ይሠራል። በእጅም በማሞግራምም ካንሰር ይመስላል፣ ማይክሮስኮፕ ግን የሞተ ስብና እሱን የሚያጸዱ ሴሎችን ያሳያል። ከጡት ጫፍ ደም የሚያወርደው ብዙ ጊዜ ቱቦው ውስጥ የሚበቅል ፓፒሎማ የሚባል ትንሽ እጢ ነው፤ ሆኖም የደም ፈሳሽ ሁልጊዜ መታየት አለበት።

እኛ አገር ደግሞ ስለ ቲቢ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። ቲቢ ጡትን ብዙ ጊዜ አይነካም፣ ግን ይነካል። ሲነካ እብጠት፣ የማይድን ቁስል፣ የሚያፈስ ቀዳዳ፣ የብብት ንፍፊት ያመጣል፤ ከውጭ ለሚያየው ሰው ከካንሰር ጋር አንድ ነው። ፓቶሎጂስቱ ግራኑሎማ የሚባለውን የሴሎች ስብስብና መሀሉ የሞተ ሥጋ ያያል፣ የቲቢ ጀርም የሚያሳይ ቀለም ወይም የጂንኤክስፐርት ምርመራ ያዛል። ከቲቢ ውጪ ግራኑሎማ የሚሠራ የጡት ቁጣም አለ፤ የእሱ ሕክምና ሌላ ነው፣ አንዳንዴ ቁጣን የሚያበርድ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ነው። ቲቢ ላለባት ሴት ቲቢውን ሳያውቁ ስቴሮይድ መስጠት ደግሞ በሽታውን ማቀጣጠል ነው። ለዚህ ነው ናሙናው ይህን ያህል ዋጋ ያለው።

በተቃራኒው ካንሰር ራሱ ተራ ቁጣ መስሎ ሊመጣ ይችላል። ጡት ቀልቶ፣ አብጦ፣ ቆዳው የብርቱካን ልጣጭ መስሎ ሲታይ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ትክክል ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ለምታጠባ እናት። አንድ ሁለት ሳምንት ተወስዶ ካልተሻለ ግን ሌላ አንቲባዮቲክ መቀየር አይደለም የሚያስፈልገው፣ ናሙና ነው። እዚህ ላይ የሚባክነው ጊዜ በጣም ያንገበግበኛል።

ወደ ካንሰሩ ስንመጣ፣ ገና ከቱቦው ያልወጣ ዓይነት አለ፤ «ኢን ሲቱ» ይባላል። ሴሎቹ የካንሰር ናቸው፣ ግን አጥሩን አላለፉም፤ በዚህ ደረጃ ከታከመ አብዛኛው ይድናል። ብዙ ጊዜ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ስለማይሠራ የሚገኘው በማሞግራም ነው። መደበኛ የማሞግራም ምርመራ በስፋት በሌለበት አገር ብዙ አለመታየቱ አይገርምም። እኛ ጋ የሚመጣው አብዛኛው አጥሩን ያለፈው ነው። ከዚህ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ወረቀት ላይ «ኢንቬዚቭ ዳክታል» ወይም «ልዩ ዓይነት ያልሆነ» ተብሎ የሚጻፈው ነው። ሎቡላር የሚባለው ሁለተኛ ነው፤ ሴሎቹ እርስ በርስ የሚያያይዛቸውን ፕሮቲን ስላጡ አንድ በአንድ ተሰልፈው ሥጋው ውስጥ ይገባሉ፣ በዚህ የተነሳ እብጠቱ ድንበሩ የማይለይ፣ በምስልም ለማየት የሚያስቸግር ይሆናል።

ወረቀቱ ላይ «ግሬድ» የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ሰውም ከ«ስቴጅ» ጋር ያምታታዋል። ግሬድ የሴሎቹ ባሕርይ ነው። ፓቶሎጂስቱ ሦስት ነገር ያያል፦ ሴሎቹ የቱቦ ቅርጽ ለመሥራት ምን ያህል ይሞክራሉ፣ ኒውክሊየሳቸው (የሴሉ እምብርት) ምን ያህል ተዛብቷል፣ ስንቶቹ እየተከፈሉ ነው። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ከ3 እስከ 5 ከሆነ ግሬድ 1፣ 6 ወይም 7 ከሆነ ግሬድ 2፣ 8 ወይም 9 ከሆነ ግሬድ 3 ነው። ስቴጅ ግን በሽታው የት ድረስ ሄደ የሚለው ነው፤ የእጢው መጠን፣ የብብት ንፍፊት፣ ሌላ አካል። «ግሬድ 3 ነው» ተብላ ያለቀላት መስሏት የተንበረከከች ሴት ስቴጇ ገና 1 ሊሆን ይችላል።

አሁን ቤተሰብ እጁን ወደሚያስገባበት ቦታ ልምጣ። ናሙናው ከጡት እንደወጣ መበላሸት ይጀምራል። የሚያቆመው ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ነው፣ 10 ከመቶ የሆነ፣ በተቻለ መጠን በአንድ ሰዓት ውስጥ። ብዙ ቦታ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ላብራቶሪ የሚሄደው ቤተሰብ ነው። ወንድም ወይም ባል በፌስታል ይዞ በታክሲ ይሄዳል፤ ላብራቶሪው ከተዘጋ ቤት ያሳድረዋል። ፎርማሊን ውስጥ በትክክል ካለ ማደሩ አያበላሸውም። በጨው ውሃ ወይም በባዶ ጓንት ተጠቅልሎ ከሆነ ግን ይበላሻል፣ ሲበላሽም የሆርሞን ምርመራው የተሳሳተ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ለሆርሞን ምርመራ ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየት አለበት፤ ከዚያ ካነሰም ከበለጠም ችግር ነው። ፎርማሊኑ ከሥጋው አሥር እጥፍ ያህል ይሁን። ሙሉ ጡት ከወጣ ደግሞ ዝም ብሎ ባልዲ ውስጥ መጨመር አይበቃም። ፎርማሊን በሰዓት አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚገባ ካልተሰነጠቀ መሀሉ ይበሰብሳል። ይህን መሰንጠቅ የባለሙያ ሥራ ነው፤ የእናንተ ሥራ ቶሎ ማድረስ ነው።

ስለዚህ ጠርሙሱን ስትቀበሉ ጠይቁ፦ ፎርማሊን ነው? ስሟ በትክክል ተጽፏል? ቀኝ ነው ግራ? መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ዕድሜዋ፣ እብጠቱ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ አልትራሳውንዱ ምን እንዳለ፣ ታጠባለች ወይስ አታጠባም የሚለው አለ? የምታጠባ ሴት የጡት ሴሎች በባሕርያቸው ትልልቅና ንቁ ናቸው፤ ፓቶሎጂስቱ ማጥባቷን ካላወቀ ሊጠራጠር ይችላል። ባዶ መጠየቂያ የሚልክ ሐኪም ፓቶሎጂስቱን ዓይኑን አስሮ እንደሚያሠራው ይወቅ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጡት የወጣ ነገር በፍጹም አይጣል። ትንሽ ናት፣ ፋይብሮአዴኖማ ናት ተብሎ በክሊኒክ የወጣችም ብትሆን። ሳትመረመር የተጣለች እጢ ካንሰር ከነበረች የሚታወቀው ተመልሳ ስታድግ ነው።

ላብራቶሪ ከገባ በኋላ ሥጋው በአልኮልና በዛይሊን አልፎ በሰም ይሞላል፣ ብሎክ ይሆናል፣ ከዚያ በጣም ስስ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ለሺህ ቢከፈል አራቱን እጅ ገደማ ነው። ቀለም ሲነካው ኒውክሊየሱ ሰማያዊ፣ ሌላው ሮዝ ይሆናል። ውጤቱ ቀናት የሚፈጀው ለዚህ ነው።

ካንሰር ከሆነ ወረቀቱ እዚያ ላይ ማለቅ የለበትም። ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባል ምርመራ ይቀራል፤ ሦስት ነገር ያያል፣ ኢ አር፣ ፒ አር እና ኸር-2። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የኤስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ሆርሞን ተቀባዮች ናቸው፤ ከካንሰር ሴሎቹ ከመቶ አንድ እንኳ ከያዛቸው ፖዘቲቭ ይባላል፣ ታሞክሲፌን የመሰለ ክኒንም ሊሠራ ይችላል። ኸር-2 የሚባለው ፕሮቲን ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ 3 ከሆነ ፖዘቲቭ ነው፣ ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት አለው፤ 2 ከሆነ መልሱ አልለየም፣ የጂን ምርመራ ይፈልጋል። ሦስቱም ነጋቲቭ ከሆኑ «ትሪፕል ነጋቲቭ» ነው፣ ሕክምናውም በዋናነት ወደ ኬሞ ያደላል።

«የአፍሪካ ሴቶች ካንሰር አብዛኛው ሆርሞን ተቀባይ የለውም» የሚል አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በጥቁር አንበሳ ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ግን ከመቶ 65 ገደማ የሚሆኑት ኢ አር ፖዘቲቭ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ማለት ከሦስት ሴቶች ሁለቱ ገደማ ከኬሞ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ በሆነ፣ ቤት ውስጥ በሚዋጥ ክኒን ሊጠቀሙ ይችላሉ ማለት ነው። ምርመራው ካልተሠራ ግን ማን ትጠቀም ማን አትጠቀም አይታወቅም። ለዚህ ነው ገንዘብ ከተገኘ ሌላው ሁሉ ቀርቶ መጀመሪያ ይህ ምርመራ ይሠራ የምለው።

ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚመጣው ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የእጢው መጠን በሴንቲሜትር፣ ከብብት ከወጡት ንፍፊቶች ስንቱ ካንሰር እንዳለበት፣ እና ዳሩ ንጹሕ መሆኑ። ዳሩ ንጹሕ ነው የሚባለው ላብራቶሪ ውስጥ የወጣው ሥጋ ውጫዊ ዳር ላይ በሚቀባው ቀለም ላይ የካንሰር ሴል ሳይገኝ ሲቀር ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሐኪሙን ጠይቁ፣ ማስጨነቅ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የእጅ ምርመራው፣ ምስሉና ማይክሮስኮፑ መስማማት አለባቸው። አልትራሳውንዱ ካንሰር ይመስላል ብሎ ፓቶሎጂው ቢናይን ካለ፣ መርፌው እብጠቱን ስቶት ሊሆን ይችላል፤ ናሙናው ይደገማል። ሁለተኛ አስተያየት ሲፈለግም ሁልጊዜ እንደገና መወጋት አያስፈልግም። ሰም ውስጥ ያለው ብሎክ ላብራቶሪው ጋ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ፈርሞ ተቀብሎ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ላለ ላብራቶሪ ማሳየት ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀቱ ጥግ ላይ ያለው የናሙና ቁጥር ነው። ወረቀቱ እጃችሁ እንደገባ ቁጥሩ እንዲታይ አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት።